«ግራዲየንቱ ከፍ ብሏል» ሲሏችሁ

ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ከገባላችሁ ግራዲየንት የሚባለውን ነገር፣ በቫልቩ ወዲህና ወዲያ ያለውን የደም ግፊት ልዩነት፣ ሳትወዱ በግድ ትለምዱታላችሁ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚያነሳው ሐኪም ማሽኑ ላይ አፍጥጦ ቁጥር ይጠራል፣ ረዳቱ ይጽፋል። እናንተ በግራ ጎናችሁ ተኝታችሁ፣ ጄሉ ደረታችሁን እያቀዘቀዘው፣ ግድግዳ ታያላችሁ። ወረቀቱን ተቀብላችሁ ስትወጡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች ቁጥር ላይ ነው። ባለፈው 4 የነበረው አሁን 6 ከሆነ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የለም።

ሐኪም አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ቁጥር ከቁጥር ማስታረቅ ስለሆነ የኢኮ ወረቀቶቼንም በዚያው ዓይን ማየት ለምጃለሁ። መጠየቅ አላፍርም፣ ዶክተሬም ትዕግሥተኛ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ከዚህ በታች ያለው ከእሱ የሰማሁት፣ በራሴ ላይ የደረሰው፣ እና ተራ ስንጠብቅ ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ስናወራ የሰበሰብኩት ነው። ሐኪማችሁን በደንብ ለመጠየቅ ተጠቀሙበት እንጂ መድኃኒት እንዳትቀያይሩበት።

ታሪኬ የብዙዎቻችሁ ታሪክ ነው። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ያመኝ ነበር። እማዬ በጨው ውኃ ታጉመጠምጠኛለች፣ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ይተወኛል። በአግባቡ ያልታከመው የጉሮሮ ኢንፌክሽን ግን ሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ ሚትራል የሚባለውን፣ በግራው የልብ ጎን ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ቫልቭ አጠባብቆት ኖሯል። ሃያዎቹን ስጋመስ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ጤናማ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የኔ 0.8 ነበር። አማካይ ግራዲየንቱ 16። በ2011 ዓ.ም. ህንድ፣ ባንጋሎር ሄጄ ተቀየረልኝ። ስለ ቦርድ ወረቀቱና ስለ ዶላሩ ከጀመርኩ አልጨርስም፣ ልለፈው።

ወደ ቁጥሩ ልግባ። ግራዲየንት ማለት ቫልቩ ሲከፈት ከበላዩ ባለው የልብ ክፍልና ከበታቹ ባለው ክፍል መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። እንደ ደም ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይነገራል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ደም ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ከጠበበው ይፈጥናል። ኢኮ ደግሞ ግፊቱን በቀጥታ አይለካም። የሚለካው የደሙን ፍጥነት ነው። ከዚያ ማሽኑ ፍጥነቱን በራሱ ያባዛና እንደገና በ4 ያባዛዋል። ደሙ በሰከንድ 1 ሜትር ከሄደ ልዩነቱ 4 ነው። 1.5 ሜትር ከሄደ 9። 2 ሜትር ከሄደ 16። አያችሁ? ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግራዲየንቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ላይ ያለች ትንሽ ለውጥ ወረቀቱ ላይ ገዝፋ ትወጣለች ማለት ነው። ይህን የተረዳሁ ቀን ግማሹ ጭንቀቴ ለቀቀኝ።

ሌላው ነገር፣ የቫልቩ ቦታ። አንድ ጊዜ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ወረቀቴን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። የኔ 4 ይላል፣ የሷ 14። ዕንባዋ ሊመጣ ነው። የሷ የተቀየረው አኦርቲክ ቫልቭ ነበር። በሚትራል ቦታ በደህና የሚሠራ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አማካይ ግራዲየንቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 አይበልጥም። አኦርቲክ ላይ ግን ልብ ደሙን በኃይል ወደ ዋናው ቧንቧ የሚገፋበት ቦታ ስለሆነ ከ20 በታች ከሆነ በአብዛኛው ደህና ነው የሚባለው። የሷ 14 ጥሩ ውጤት ነበር። ሐኪሙ ነግሯት ይሆናል፣ ግን በዚያ ሰዓት ማን ይሰማል።

ዜሮ ደግሞ አትጠብቁ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሁሉ ከተፈጥሮው ትንሽ ጠበብ ያለ ነው። የኔ ካርድ ላይ 27 ይላል። 27 ሚሊ ሜትር ማለት ደም የሚያልፍበት ቀዳዳ ስፋት አይደለም፣ ቫልቩ የሚቀመጥበት ቦታ ልክ ነው። ከዚያ ውስጥ የሚሰፋበት የጨርቅ ቀለበት፣ የብረቱ ክፈፍና ሁለቱ ክንፎች የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ለደም የሚተርፈው ያነሰ ነው። የመጀመሪያዎቹማ ይብሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 አልበርት ስታር የተባለው ሰርጅንና ሎውል ኤድዋርድስ የተባለው መሐንዲስ ኦሪገን ውስጥ የሠሩት ቫልቭ በብረት ፍርግርግ ውስጥ የምትነጥር ኳስ ነበረች። ደሙ በኳሷ ዙሪያ ዞሮ ማለፍ ነበረበት። በዚያ ቫልቭ ብዙ ሰው ዕድሜ አግኝቷል፣ አላጣጥለውም። አሁን ብዙዎቻችን ያለን ባለ ሁለት ክንፉ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1977 ሚኒሶታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የገባው ነው። ሁለት ግማሽ ክብ የካርበን ክንፎች ይከፈቱና ደሙ በመሃልና በሁለቱ ጎኖች ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሆስፒታል አብራኝ የተኛችው የኬረላ ሴት ደግሞ የገባላት ህንድ ውስጥ የተሠራው ቺትራ ነበር፣ አንድ ዲስክ ብቻ ያለው። የሷ ሲዘጋ የሚያሰማው ቲክታ ከኔ ለስለስ ይላል። እያንዳንዱ ሞዴልና ቁጥር የራሱ የሚጠበቅ ልክ አለው፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጣችሁን የቫልቭ ካርድ እንደ ፓስፖርት ያዙት። ፎቶውን ስልካችሁ ላይም አስቀምጡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ኢኮ ነው። ቁስሉ ከዳነ፣ ልብ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚነሳው። የናንተ መነሻ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚመዘነው ከሱ ጋር ነው እንጂ ከጎረቤታችሁ ወረቀት ጋር አይደለም። የኔ የተነሳው አዲስ አበባ ተመልሼ ነው። አማካይ ግራዲየንት 4፣ የልብ ምት 72። ምቱን ከግራዲየንቱ ቁጥር ጎን የሚጽፉት ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሁለት ዓመት ገደማ ደህና ቆየሁ። ከዚያ ትንፋሽ ማጠሩ ተመለሰ። ከታክሲ ወርጄ ቢሮ እስክደርስ መንገድ ላይ መቆም ጀመርኩ። የአጥር ዘንግ ይዤ ስልክ የማወራ መስዬ እቆማለሁ። ሰፈር አጠገብ ያለ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ኢኮ ተነሳሁ። አማካይ ግራዲየንት 9። ያነሳኝ ልጅ «ቫልቩ የተዘጋ ይመስላል፣ ቶሎ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ» አለኝ። ቶሎ ሂጂ ማለቱ ልክ ነው። ግን በዚያ አፍ በዚያ ሰዓት ሲነገር እግር ይከዳል።

ዶክተሬ ወረቀቱን አየና «የልብ ምትሽ ስንት ነበር?» አለኝ።

«አልተጻፈም እኮ ዶክተር።»

የእጄን አንጓ ይዞ ሰዓቱን ተመለከተ። 112። ከዚያ የዓይኔን የታች ሽፋን ወደ ታች ጎተተው። «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» አለ። ስለ ቫልቭ ልንነጋገር የገባን መስሎኝ ግራ ገባኝ። ዋርፋሪን (ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚዋጠው መድኃኒት) ከጀመርኩ ወዲህ በጣም ይፈሰኝ ነበር፤ ሰባት ስምንት ቀን፣ ደም እየረጋ ጭምር። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ነው የኖርኩት። ሄሞግሎቢኔ ሲለካ 7.9 ወጣ፤ ደም አንሶኛል ማለት ነው። አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካው ቁጥር) 2.9፣ ሜካኒካል፣ ማለትም ከካርበንና ከብረት የተሠራ፣ ሚትራል ቫልቭ ላለው ሰው ከሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ውስጥ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሚትራል ላይ ደም የሚያልፈው ልብ በምታርፍበት ጊዜ ብቻ ነው። ምቱ 72 ሲሆን በየምቱ መካከል ለማለፍ ግማሽ ሰከንድ ያህል አለው። 112 ሲሆን ሩብ ሰከንድ ገደማ ይቀረዋል። በዚያ ላይ ደም ሲያንስ ልብ ማካካስ ስላለባት በደቂቃ የምትረጨውን መጠን ትጨምራለች። ቅዳሴ አልቆ ሰው በአንድ ጊዜ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ በሩ አልጠበበም፣ ግፊያው ነው የጨመረው። ትኩሳት፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛት፣ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ ወዲያው አልጋ ላይ መውጣትም እንዲሁ ቁጥሩን ያንሩታል።

ይህን በማለት ብቻ ግን አላቆመም። ቫልቭ ላይ ደም ረግቶ ቢሆን ገዳይ ነውና ራሱ ደግሞ ኢኮ አነሳኝ። ሁለት ነገር አሳየኝ። አንደኛው ፕሬዠር ሃፍ ታይም የሚባለው ነው፤ ግፊቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ ይናገራል። ሚትራል ላይ ከ130 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ ደሙ በቀላሉ እያለፈ ነው፣ ከ200 ካለፈ መዘጋት ይጠረጠራል። የኔ 95። ሁለተኛው፣ በቫልቩ የሚያልፈውን ደም ፍጥነት ከልብ ለሚወጣው ደም ፍጥነት ያካፍሉታል። ቫልቩ ብቻ ከጠበበ በሱ በኩል ያለው ፍጥነት ብቻውን ይጨምራል። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ችግሩ ደሙ መብዛቱና መፍጠኑ ነው። ከ2.2 በታች ጥሩ ነው፤ የኔ 1.9። ግራዲየንት ብቻውን ምንም አይነግርም የምለው ለዚህ ነው። ወረቀታችሁ ላይ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከሌሉ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ነውር የለውም።

ለማረጋገጥ ፍሎሮስኮፒ ላከኝ። ካቴተር ላብ (በደም ሥር ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ የሚገባበት ክፍል) ባለበት ሆስፒታል የሚነሳ የሚንቀሳቀስ ራጅ ነው። መርፌ የለውም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ስክሪኑን እንዳይ ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ የታየኝ ደረቴን የሰፉበት ሽቦ ነው፤ አንዱ ከሌላው በታች የተጠማዘዘ፣ ጫፉ የተቆለመመ። ከኋላው ቀለበቱ። ቀለበቱ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች። ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ይተኛሉ፣ ይቆማሉ። ሁለቱም እኩል። ባለሙያው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ አንዱም አልተያዘም» አለኝ። ለዓመታት በድምፁ ብቻ የማውቀውን ነገር በዓይኔ አየሁት።

ሕክምናው የብረት እንክብል ሆነ። ከቡናና ከሻይ ጋር አይዋጥም፣ ይሰርቁታል፤ ለኔ ትልቁ ፈተና እሱ ነበር። ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ተጨመረልኝ። የሴቶች ሐኪምም አየችኝ። የወር አበባውን ለመቀነስ፣ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል ደም ስለሚያረጋ ሜካኒካል ቫልቭ ላላት ሴት አይሆንም አለችና ፕሮጀስቲን የሚባለው ሆርሞን ብቻ ያለበትን መረጠችልኝ። ከወራት በኋላ ሄሞግሎቢኔ 12 ሲገባና ምቴ 74 ሲሆን ግራዲየንቱ ወደ 5 ወረደ። ሴቶች፣ የወር አበባችሁን ጉዳይ ለልብ ሐኪም መናገር አትፈሩ። ዋርፋሪኑን ግን ይፈሰኛል ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙት።

ምክንያቱም ያው ቁጥር በሌላ ሰው ላይ ሌላ ነገር ነው። አንድ የማውቀው፣ እንደኔ ሚትራሉ የተቀየረለት ወጣት ጸበል ሲገባ ዋርፋሪኑን ለሳምንታት ተወው። በእምነቱ አልፈርድም፣ እኔም ጸበል እጠጣለሁ፤ የንስሐ አባቴም መድኃኒትሽን እየዋጥሽ ተጠመቂ ነው ያሉኝ። ልጁ መጀመሪያ ያስተዋለው ድምፁን ነው። ማታ ማታ ይሰማው የነበረው ጥርት ያለ ቲክታ ደብዘዝ አለበት። ከዚያ ትንፋሽ። ሆስፒታል ሲደርስ ግራዲየንቱ 18፣ ፕሬዠር ሃፍ ታይሙ ረዝሟል፣ ፍሎሮስኮፒው ላይ አንዱ ክንፍ አይንቀሳቀስም። እንደገና ደረቱ ተከፈተ። ተርፏል፣ ተመስገን። ድምፁ ከታፈነ፣ በድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከሰነፈ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወረቀቱ ላይ «መጠነኛ ወደ ኋላ መመለስ» የሚል ካያችሁም ቶሎ አትደንግጡ። ባለ ሁለት ክንፉ ቫልቭ ሲዘጋ ጥቂት ደም በማጠፊያዎቹ በኩል እንዲመለስ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። እዚያ ደም ቆሞ እንዳይረጋ ያጥበዋል። የሚያሳስበው በቀለበቱና በልብ ሥጋ መካከል ስፌቱ ለቅቆ የሚያፈሰው ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ሲጋጩ ቀይ የደም ሴሎች ይሰባበራሉ፤ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይላል፣ ደም ያንሳል። ችግሩ፣ ብረቱ የኢኮውን ሞገድ ስለሚጋርድ ከሚትራል ቫልቭ ጀርባ ያለው በደረት በኩል በደንብ አይታይም። ሐኪሙ በጉሮሮ የሚገባውን ኢኮ ካዘዘ ለዚህ ነው። ደስ አይልም፣ ግን ያልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቁመትና ክብደት። ኢኮ ከመነሳታችሁ በፊት ሲመዝኗችሁ ለደንቡ አይደለም። የቫልቩን ስፋት ከቁመትና ከክብደት ለሚሰላው የሰውነት ስፋት ያካፍሉታል። አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ረጅም፣ ግዙፍ፣ አኦርቲክ ላይ 21 ቁጥር ነው የገባላቸው፤ ቦታው ጠባብ ስለነበር። የቫልቩ ስፋት 1.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የሰውነታቸው ስፋት 2.0 ካሬ ሜትር፣ ስለዚህ ሲካፈል 0.70። አኦርቲክ ላይ ከ0.85 በታች ከሆነ ቫልቩ ለሰውዬው ያንሳል ይባላል፣ ከ0.65 በታች ደግሞ በጣም ያንሳል። የሳቸው ግራዲየንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 22 ነው፣ ዛሬም 22 ነው። አልተበላሸም፣ አልተዘጋም፤ ከገባ ጀምሮ እንዲያው ነው። በየሐኪሙ ቤት «ከፍ ብሏል» እየተባሉ ሲባክኑ የመጀመሪያውን ወረቀት ከልጃቸው ቦርሳ አውጥተው ሲያሳዩ ነው ነገሩ የበረደው። እኔ ደቃቃ ስለሆንኩ 27 ለኔ ይበቃኛል። ክብደት ስጨምር ግን ዶክተሬ ይቆጣል።

አሁን ኢኮ ስነሳ የማስጽፈው ይህን ነው፦ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ክብደትና ቁመት፣ የቫልቩ ሞዴልና ቁጥር። ከመተኛቴ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ቁጭ ብዬ አርፋለሁ። ትንፋሽ ካጠረኝ የዚያን ቀን ሄሞግሎቢንና አይኤንአር እወስዳለሁ። የሚቻል ከሆነ እዚያው ማሽን፣ እዚያው ሐኪም ጋ እነሳለሁ፤ የአንዱና የሌላው አለካክ ይለያያል። ጥርስ ከማስነቀሌ በፊትም ቫልቭ ላይ ኢንፌክሽን እንዳይገባ አሞክሲሲሊን እንደሚያስፈልገኝ ለጥርስ ሐኪሙ ቀድሜ እናገራለሁ። ጎመኑን ደግሞ በጾም ወቅት በየቀኑ፣ ፍስክ ሲገባ ጭራሽ እንዳይሆን ልኩን ጠብቄ እበላለሁ፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ አይኤንአሩን ያወርደዋል።

ባለቤቴና እኔ ልጅ እያሰብን ነው። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሆን ከማርገዜ በፊት የልብ ሐኪሜና የሴቶች ሐኪሟ አብረው ይወስናሉ። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ምትም ይፈጥናል፤ ስለዚህ ግራዲየንቱ መውጣቱ አይቀርም። ዶክተሬ ከአሁኑ አስጠንቅቆኛል። ያኔ የምናወዳድርበት አዲስ መነሻ ኢኮ ሚያዝያ ላይ ይነሳልኛል።